የኑሰይባ ረዳት

የደም ግፊት ኪኒኔ ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ባለቤቴ ዲንቄ በየጠዋቱ «ዛሬ ትገዛለህ?» ትለኛለች፤ እኔም «እገዛለሁ» እላታለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቤት ሥራ ያልሠሩ ተማሪዎችን ስቆጣ የኖርኩ የጂኦግራፊ መምህር፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ራሴው የቤት ሥራ የማልሠራ ሰው ሆኛለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የአዳማ ሙቀት ገና ሳይበርድ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቤቴ ወጥቼ በሶደሬ መንገድ ዳር ወዳለችው የዙለይካ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ኪኒኑን በጊዜው ገዝቼ ቢሆን ኖሮ አቶ ሀሰንን እዚያ አላገኛቸውም ነበር፤ ይህንንም አልጽፍም ነበር።

ዙለይካ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። መድኃኒት ቤቷን ከከፈተች ሁለት ዓመቷ ነው። ስገባ ሁልጊዜ ከማራገቢያው ሥር ያለውን ወንበር ትሰጠኛለች፤ ሳልጠይቃት ክንዴን ጠቅልላ ግፊቴን ትለካለች፤ ከዚያም ትቆጣኛለች። ያን ቀንም ልትቆጣኝ ስትዘጋጅ ነበር አቶ ሀሰን የገቡት።

አቶ ሀሰንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። በልጅነታቸው ከወሎ ወጥተው አዳማ የከተሙ፣ ሠላሳ ዓመት በጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢ የነዱ፣ በኋላም ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ያመላለሱ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው መሪውን ለሌላ አስረክበው ቤት ገቡ። እኔና እሳቸው ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ልጄ። ቲቸር፣ አከም ጅርቱ?» አሉ። በእጃቸው የያዙትን ጥቁር ፌስታል ባንኮኒው ላይ አኖሩና ከሸሚዛቸው ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው ለዙለይካ ሰጧት። «ይሄን ኪኒን ፈልጌ ነበር።»

ዙለይካ አንብባ ቀና አለች። «ለማን ነው፣ ጋሽ ሀሰን?»

«ለልጄ ለኑሰይባ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ሦስት ሳምንት ነው የቀራት። ይሄ እንቅልፍ የሚያባርር፣ ሐሳብ የሚሰበስብ ነው አሉኝ። የጓደኛዬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እሱን እየዋጠ ነው የሚያጠናው።»

«ሐኪም ነው የጻፈላት?»

«የጓደኛዬ ልጅ ነው የጻፈልኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ዙለይካ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን መልሳ አጣጥፋ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ይህ መድኃኒት የታወቀ ሕመም ላለበት ሰው ነው፣ ጋሽ ሀሰን። ሐኪም መርምሮ፣ መጠኑን ወስኖ፣ እየተከታተለ የሚሰጠው ነው። ለጤነኛ ልጅ ልሸጥልዎት አልችልም። ሌላ ቦታ ቢያገኙትም እንዳይገዙላት እለምንዎታለሁ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ከጎኔ ያለውን ወንበር ስበው ቀስ ብለው ወገባቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ፌስታሉንም ጭናቸው ላይ አደረጉት። ከአፉ ለጋ የጫት ቅጠል ብቅ ብሎ ይታያል።

«መጥፎ አባት ነው አትበይኝ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ይሄን ቅጠል የማውቀው መንገድ ላይ ነው። ከሞጆ ጭነን ማታ ስንነሣ፣ መተሐራን አዋሽን አልፈን ሚሌ እስክንደርስ ዓይናችንን ከፍቶ የሚያቆይልን እሱ ነበር። ፈተናም እኮ መንገድ ነው። ሌላው ሲተኛ የነዳ ቀድሞ ይደርሳል። ማታ ማታ ለጋ ለጋውን መርጬላት አጠገቧ እቀመጣለሁ። ረዳት የሌለው ሹፌር እንቅልፍ ይወስደዋል። የረዳት ሥራ ጎማ መቀየር ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሹፌሩን ማጫወት፣ ውኃ ማቀበል፣ አብሮ መንቃት ነው። እኔም የእሷ ረዳት ሆኛለሁ። እሷ ታነባለች፣ እኔ ቅጠሉን እቀነጥብላታለሁ፤ እንዲህ እያልን እናነጋለን።»

እውነቱን ለመናገር፣ አፌ ላይ የነበረው ተረብ እዚያው ቀረ። በማስተማር ዘመኔ ልጃቸው ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የማያውቁ ብዙ አባቶች አይቻለሁ። የእኚህ ሰው ስህተት ከፍቅር የመጣ ስለነበረ ልቤን ነካኝ።

«ታዲያ ጫቱ ካለ ኪኒኑ ለምን አስፈለገ?» አለች ዙለይካ።

«ጫቱ እምቢ አላት። መጀመሪያ ሰሞን ቀጥ ብላ ታድር ነበር። አሁን ሊነጋ ሲል አንገቷ ይወድቃል። ክፍል ውስጥም ትተኛለች አሉኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ምግብ አይወርድላትም። እናቷም አኩርፋኛለች፤ ፋዲላ ካነጋገረችኝ ሦስት ቀን ሆናት።»

«እርስዎስ መንገድ ላይ እንዲህ ሆነው አያውቁም?»

«ማን ያልሆነ አለ» አሉ አቶ ሀሰን። «አንዴ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ገዋኔን አልፌ ስሄድ ግመሎች መንገዱን ሲያቋርጡ አየሁ። ፍሬን ረገጥኩ። ረዳቴ ጫምሳ ግንባሩ መስታወቱን መታ። ወርደን ብናይ አንድም ግመል የለም። ዱካም የለም።»

«ዓይንዎ ግን ክፍት ነበር።»

«ክፍት ነበር።»

«ኑሰይባም እንዲሁ ናት። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ክፍት ነው፤ አእምሮዋ ግን ተኝቷል። ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አይተካውም፤ ያልተተኛው ሁሉ ተጠራቅሞ ይመጣል። በዚያ ላይ ቀን ያነበብነው ነገር በአእምሯችን ውስጥ የሚደላደለው ስንተኛ ነው። እንቅልፉን ስንወስድባት ያጠናችውንም አብረን እየወሰድንባት ነው። ምርቃናው ላይ ሁሉን ያወቀች ይመስላታል፤ ሲነጋ ግን የለም።»

አቶ ሀሰን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያመኑ ግን አይመስሉም ነበር። እጃቸውን ወደ ሌላው ኪሳቸው ሰደው ስልካቸውን አወጡ።

«እሺ፣ እሱ ይቅር። እንግዲያው ይሄኛው ይሻላል ማለት ነው» ብለው ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ። «ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ። የፈተናውን መልስ ቀድመው እናደርሳለን የሚሉ ሰዎች ናቸው፣ በቴሌግራም። ቀብድ ሰጥቻቸዋለሁ። እሷ በቃሏ ይዛ ትገባለች።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ፤ ግፊቴ የተለካው ቀደም ብሎ መሆኑ በጀኝ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ኩረጃ ሌብነት እንደሆነ፣ የሰውን ድካም እንደ መዝረፍ እንደሚቆጠር፣ ትውልድ እንደሚገድል፣ ድሮ በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልነበረ ጣቴን እየቀሰርኩ ተናገርኩ። በእኛም ጊዜ ነበረ፤ ግን በቁጣ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ዝርዝር አያስታውስም።

አቶ ሀሰን በትሕትና ሰሙኝ። ከዚያም «ልክ ነዎት፣ ቲቸር» አሉ። «ግን ልጠይቅዎት። ሠላሳ ዓመት ስነዳ ከልኩ በላይ የጫነ መኪና ጨለማ ለብሶ የመንገዱን ጭነት መመዘኛ ሲዞረው አይቻለሁ። እኔ በልኬ ጭኜ ተሰልፌ ስመዘን፣ እሱ ቀድሞኝ አራግፎ ተመልሷል። አሁን ደግሞ የሰው ልጅ ሁሉ መልስ ገዝቶ ሊገባ ነው። የእኔ ልጅ ብቻዋን ተሰልፋ ትመዘን?»

የነበረኝ መልስ ያንኑ ንግግር ድምፄን ከፍ አድርጌ መድገም ብቻ ነበር። ዙለይካ ከባንኮኒው ኋላ ወጥታ መጣችና በሁለታችን መካከል ቆመች፤ ፈገግ እያለች ነበር።

«ቲቸር፣ ይህን ንግግር አሥረኛ ክፍል እያለሁ ሰምቼዋለሁ» አለች። «አጤሬራ ይዘውብኝ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ለክፍሉ ካሳዩ በኋላ ነበር። ከዚያ አስወጡኝ።»

አላስታወስኩትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያስወጣኋቸው ብዙ ናቸው። አፍሬ ተቀመጥኩ።

«አይዘኑ» አለችኝ። «ብቻ ያን ቀን የተማርኩት አጤሬራ በደንብ መደበቅን ነው። ሰው ፊት ስላፈርኩ ጠላሁዎት እንጂ መኮረጅን አልጠላሁም።» ከዚያ ወደ አቶ ሀሰን ዞረች። «መኮረጅን የጠላሁበትን ቀን ልንገርዎት፣ ጋሽ ሀሰን?»

«ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ የመድኃኒት መጠን ስሌት የሚባል ትምህርት ነበረን። ለሕፃን በክብደቱ ስንት ይሰጣል የሚለው ነው። ከባድ ነበር። ከአጠገቤ ከተቀመጠች ጎበዝ ልጅ ገልብጬ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ቤተሰቤ ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። ከዓመት በኋላ ለልምምድ አንድ ሆስፒታል ተመደብኩ። አንዲት እናት ከአርሲ በኩል የመጣች፣ የስድስት ወር ልጅ ታቅፋ፣ ሽሮፑን በእጇ ይዛ ስንት እንደምትሰጠው ጠየቀችኝ። ወረቀቱ ላይ የልጁ ክብደት ተጽፏል። እስክሪብቶ ያዝኩ። ምንም የማውቀው የለም። ሴትየዋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ ነጭ ጋውን ስለለበስኩ አምናኛለች።»

«ሕፃኑስ?» አሉ አቶ ሀሰን በዝግታ።

«ደህና ሆነ። ሮጬ ኃላፊዬን ጠራሁትና አሰላላት። እኔ ግምት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም። የዚያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ በነጋታው ያንን ትምህርት ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩት። በፈተናው የሸወድኩት አስተማሪውን መስሎኝ ነበር። ያታለልኩት ገና የማላውቃትን ያቺን ሴት ነው።»

አቶ ሀሰን ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ጫምሳ ያልኩሽ ረዳቴ ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል» አሉ። «እንደ ልጄ ነበር። እኔ ታምሜ በተኛሁበት ወር ከሌላ ሹፌር ጋር ወጣ። ያ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን በሰው በሰው ያገኘው ነው፤ ተፈትኖ አይደለም። ሦስት ቀን በጫት ብቻ ነድቷል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መኪናዋን ለቀቃት፤ ተገለበጡ፣ ጫምሳ እዚያው ሞተ። ሹፌሩ ፍሬን እምቢ አለኝ ብሎ ቃል ሰጠ። ፍሬኑ ደህና ነበር፤ እኔ ራሴ ሄጄ አይቼዋለሁ።» አይበሉባቸውን ዓይናቸው ላይ አሳለፉ። «ያን መንጃ ፈቃድ የሰጠውን ሰው እስከ ዛሬ ዱዓ ላይ ሳነሣው መልካም ቃል አይወጣኝም።»

ዙለይካ ልትናገር አልቸኮለችም፤ ያን ጊዜ ከእኔ የተሻለች አስተማሪ መሆኗን ተረዳሁ። እኔ ብሆን ወዲያው ነገሩን አዙሬ እጠመጥምባቸው ነበር።

አቶ ሀሰን ግን የመጨረሻ መከላከያ ነበራቸው። «ኑሰይባ ግን መኪናም አትነዳ፣ መድኃኒትም አትሰጥ። ሕግ መማር ነው የምትፈልገው። ማንን ትጎዳለች?»

«ዳኛ ሆነች እንበል» አለች ዙለይካ። «ጥፋት የሌለበት ሹፌር ፊቷ ቆመ። ፍሬኑ እውነት እምቢ ብሎት ነበር። ፋይሉን አንብባ እውነቱን መለየት አለባት፤ ግን ማንበብን ተምራ ሳይሆን መልስ ገዝታ ነው እዚያ የተቀመጠችው። ያ ሹፌር እርስዎ ቢሆኑ ማን እንዲፈርድልዎት ይፈልጋሉ?»

«በልኩ የተመዘነ ሰው» አሉ አቶ ሀሰን፤ ከዚያም ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

ዙለይካ ልጅቷን ማየት እንደምትፈልግ ነገረቻቸውና ደወሉላት። ቤታቸው ሁለት መንደር ማዶ ስለሆነ ኑሰይባ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣች። ቀጭን ልጅ ናት፤ ሂጃቧን በጥድፊያ እንደለበሰችው ያስታውቃል፤ ከዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ዙለይካ አስቀምጣት የልብ ምቷን ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ለአንድ ወጣት ከሚገባው በላይ ፈጣን ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ እንድትታይ በወረቀት ላይ ጻፈችላት።

«ትናንት ማታ ምን አጠናሽ?» አለቻት።

«ጂኦግራፊ።»

«ስለ ምን?»

ኑሰይባ ወደ አባቷ አየች። «ብዙ ገጽ አስምሬበታለሁ» አለች። «ጠዋት ሳየው ግን ሁሉም ተሰምሮበታል። አንድም ያልተሰመረ መስመር የለም። የቱ ዋናው እንደሆነ አላውቅም።»

አቶ ሀሰን ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ? ይሄ ነገር አልተስማማኝም ብትይኝ እኮ...»

ኑሰይባ እጆቿን ተመለከተች። ለመናገር እንደከበዳት ያስታውቅ ነበር፤ ሲናገሩ ለሚፈሩ ልጆች የማደርገውን አደረግኩ፣ ማለትም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የተናገረችውን ግን ሰምቻለሁ።

«አባዬ፣ ጫቱን አልወደውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደውም፤ ይመረኛል፣ ልቤ ይመታብኛል። ግን አንተ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ልጅ ሆኜ አንተ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነህ። መጥተህ አንድ ሌሊት አድረህ ትሄዳለህ። አሁን ገና ነው አብረኸኝ የተቀመጥከው። ጫቱ ይቅርብኝ ካልኩህ ተነሥተህ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ።»

አቶ ሀሰን እጇን ያዙ።

«እና ደግሞ» አለች ልጅቷ፣ አንዴ ከጀመረች በኋላ ማቆም አቅቷት፣ «ያንን የቴሌግራሙን መልስ እገዛልሻለሁ ያልከኝ ቀን መኝታ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። አባዬ እንደማልችል አምኗል ማለት ነው ብዬ። ሌላው ሰው እንደማልችል ቢያስብ ግድ የለኝም ነበር።»

ብዙ ጊዜ ስለ ኩረጃ ተናግሬአለሁ፤ ስለ ሕጉ፣ ስለ ቅጣቱ፣ ስለ አገር። እንዲህ ያለውን ነገር ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ለልጁ መልስ የሚገዛ አባት በራሱ አፍ «አንቺ አትችይም» እያላት ነው። ልጅ ይህን ከእኛ ፈጥኖ ይረዳል፤ ያንን ቃል ከአባቱ የሰማ ልጅ ደግሞ ከዚያ በኋላ ማን «ትችላለህ» ቢለው ያምናል?

አቶ ሀሰን ስልካቸውን ለልጃቸው ሰጧት። «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ አጥፊልኝ» አሏት።

«ቀብዱስ?»

«ቀብዱን ይብሉት። ወላሂ እንደማትችይ አምኜ አይደለም። እንዳትወድቂብኝ ፈርቼ ነው። ፍርሃትና እምነት ማጣት ለአንቺ አንድ መምሰላቸውን አላወቅኩም።»

ስትደመስሰው አብረን አየን። ከዚያ አቶ ሀሰን ወደ ዙለይካ ዞሩ፤ አሁን የሚጠይቁት ለመከራከር ሳይሆን ለማወቅ ነበር። «እሺ ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ነው ያለን። ምን እናድርግ?»

«ዛሬ ትተኛ» አለች ዙለይካ። «ነገም ትተኛ። ጥቂት ቀን ይደክማታል፣ ይከፋታል፤ ጫቱ ስለቀረ ነው፣ ያልፋል፤ አይደንግጡ። ከዚያ በኋላ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይጥፋ። ጠዋት ለሱብሒ ሶላት ስትነሡ አየሩም ቀዝቃዛ ነው፣ አእምሮም ንጹሕ ነው፤ ያኔ ታጥና። ቁርሷን ትብላ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዛ ትሥራ፤ የሳተችውን ከመጽሐፉ ትፈልግ። ያጠናችውን ደግሞ ለሌላ ሰው ታስረዳ። ለሰው ስናስረዳ ነው የምናውቀውና የማናውቀው የሚለየው።»

«ለማን ታስረዳ?»

«ለእርስዎ ነዋ።»

«እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።»

«የሚፈለገውም እሱ ነው» አልኩ እኔ፤ ከረጅም ዝምታ በኋላ አንድ የሚረባ ነገር በመናገሬ ደስ አለኝ። «የሚያውቅ ሰው ሲሰማት ትዘልላለች፤ እንደገባው ታስባለች። እርስዎ ግን አልገባኝም ባሉ ቁጥር ከሥሩ ማስረዳት አለባት። ለጂኦግራፊው ችግር ካለም እኔ አለሁ፤ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ባለቤቴን ከማሰለች ይሻላል።»

አቶ ሀሰን ሲወጡ ፌስታሉን ባንኮኒው ሥር ባለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመሩት። የእኔን ኪኒን ረስቼ ልወጣ ስል ዙለይካ ጠርታ አስያዘችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቀላል አልነበሩም። ኑሰይባ ሁለት ቀን ሙሉ ማለት ይቻላል ተኛች፤ አቶ ሀሰን «መንገዱ እየቀደመን ነው» እያሉ በሩ ላይ ሲመላለሱ ፋዲላ እንዳትቀሰቅሷት ብላ ዘብ ቆመች። በሦስተኛው ቀን ግን ፋዲላ ባሏን ማነጋገር ጀመረች፤ በአምስተኛው ቀን ልጅቷ ጠግባ በላች። ጤና ጣቢያ ስትታይ የልብ ምቷ ወደ ልኩ እየተመለሰ ነበር።

ከሳምንት በኋላ በአንድ እሑድ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ኑሰይባ ቆማ ካርታ ግድግዳው ላይ ለጥፋ ታስረዳለች፤ አባቷ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን ቋጥረው ይሰማሉ።

«ቲቸር» አሉ እንደገባሁ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ከሞጆ እስከ ገዋኔ ስነዳበት የኖርኩት መሬት እየተሰነጠቀ ነው ትለኛለች። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ስምጥ ሸለቆ የሚባለው ለዚህ ነው። ቀስ ብሎ ነው እንጂ፣ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር።»

«ቀስ ብሎም ቢሆን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሊነግረኝ ይገባ ነበር» አሉ ቅር ብሏቸው። «ኢንሹራንሱንም ስከፍል አላነሡልኝም።»

ኑሰይባ ሳቀች። ከዚያ አባቷ አንድ ጥያቄ ጠየቋት፤ ሸለቆው ከተከፈተ ሐይቆቹ ለምን መሐሉ ላይ እንደተደረደሩ። ልጅቷ አሰበች፣ አመነታች፣ ለራሷ እየነገረች እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳች። ሳትሳሳት ጨረሰች። እኔ ያንኑ ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር።

ተፈታኞቹን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስዱት አውቶቡሶች በተነሡበት ጠዋት አብሬአቸው ነበርኩ። ስልክ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ሁሉም በፍተሻ ያልፋል። አቶ ሀሰን የልጃቸውን ሻንጣ እስከ አውቶቡሱ ደረጃ ተሸከሙ። ስትሰናበታቸው «ተኝተሻል?» ብለው ጠየቋት፤ «ከስድስት ሰዓት በላይ ተኝቻለሁ» አለቻቸው። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ብዙ ቆመን ቀረን።

«ብትወድቅስ፣ አቶ ሀሰን?» አልኳቸው። ጭካኔ መስሎኝ ሳልጠይቅ ብዙ ቀን አቆይቼው ነበር።

«አላህ አይበለው። ብትወድቅ ግን የት ጋ እንደወደቀች ታውቃለች፤ ተመልሳ ትመጣና ከዚያው ትነሣለች። በሰው መልስ ብታልፍ ግን ማን እንዳለፈ እንኳ አናውቅም ነበር።»

መስከረም ላይ ውጤት ወጣ። ኑሰይባ ከማለፊያው ነጥብ ብዙም ሳትርቅ አልፋለች። ከከተማው አንደኛ አልወጣችም፤ ሕግ ይደርሳት እንደሆነም ገና የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ግን ከዚያ ውጤት ላይ አንድም ነጥብ የሌላ ሰው አልነበረም። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ያጠናችው ነገር አብሯት ይገባል፤ ነገ ፊቷ ለሚቆም ሰው የምትሰጠው ፍርድም ሆነ ምክር ከራሷ የሚወጣ ይሆናል። የሚያነብ ወላጅ ካለ፣ ይህን ያህል ጥቅም ከአንድ ሙሉ ሌሊት እንቅልፍና ከአንድ ሰሚ ጆሮ እንደሚገኝ እንዲያስብበት እለምነዋለሁ። ራሴንም አልተውኩም፤ አጤሬራ ይዤባቸው ሰው ፊት ያዋረድኳቸውን ልጆች ስሞች የቻልኩትን ያህል እያስታወስኩ ነው፤ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አቶ ሀሰን ጫቱን ፈጽመው ተዉ ብዬ አልዋሽም። ቅዳሜ ከሰዓት ከቀድሞ ሹፌር ጓደኞቻቸው ጋር ሲገናኙ አንዳንዴ ይቅማሉ፤ ቤታቸው ግን ቅጠል አይገባም። ጓደኞቻቸው ልጃችሁን ምን አበላችኋት ብለው ሲጠይቋቸው ነገሩን ከመጀመሪያው ይተርካሉ፤ ከመካከላቸው ለልጁ ኪኒን ይገዛ የነበረ አንድ ሹፌር የኪኒኑን ስም የያዘውን ወረቀት ቀዶ ወደ ዙለይካ ምክር ጥየቃ እንደመጣ ነግራኛለች።

ኑሰይባ ዛሬ ከአዳማ ሩቅ ናት። በየማታው ሦስት ሰዓት ላይ ትደውላለች። አባቷ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ፋዲላን ከጎናቸው አስቀምጠው የዕለቱን ትምህርት ይሰማሉ፤ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ፤ እሷም ከሥሩ ታስረዳቸዋለች። አንድ ማታ እዚያው ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ። ልጅቷ ነገ ፈተና ስላለባት ትንሽ ልጨምር ስትላቸው ሰዓታቸውን አዩና «በይ ልጄ፣ ይበቃሻል፣ ተኚ» አሏት፤ ስልኩን እስክትዘጋው ድረስም ጆሯቸው ላይ ይዘው ቆዩ።